አዳኝ አእዋፍ ወደ ሰሜን ሲመለሱ፦ ሸርቆሌ ላይ ስለሚያስፈልግ ቆጠራ

በ1987 የመኸር ወራት ጄፍና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ጅቡቲ ውስጥ፣ ባብ ኤል መንደብ ዳር ተቀምጠው ከየመን እየተሻገሩ የሚገቡ አዳኝ አእዋፍን ከአምስት ሳምንት በላይ ቆጠሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የወር ስሞቹ ግን የእኛው ናቸው።) ድምሩ 246 ሺህ ገደማ ደረሰ። ከ76 ሺህ የማያንሱት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ያ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ከእስያ ወደ አፍሪካ ቀንድ ከሚያስገቡት ዋና በሮች አንዱ መሆኑ በዚህ መጠን በቁጥር የተመሰከረው ያኔ ነው። ሥራውን የሠሩት ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች አልነበሩም፤ በራሳቸው ፈቃድና በራሳቸው ጊዜ የመጡ ሰዎች ነበሩ።

የገባ ደግሞ መውጣቱ አይቀርም። በጋው ሊያበቃ ሲል እነዚህ ንስሮች ወደ መራቢያቸው፣ ወደ ማዕከላዊ እስያ ሜዳዎች ይመለሳሉ። ታዲያ የሚወጡት በገቡበት በር አይደለም። ጀርመናዊው ተመራማሪ በርንት ኡልሪሽ ማይቡርግ ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 ያሳተመው የሳተላይት ክትትል እንዳሳየው፣ የስቴፕ ንስር ሲመጣ ከዐረብ ምድር በባብ ኤል መንደብ ይሻገራል፤ ሲመለስ ግን በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ወገን፣ በሱዳንና በግብፅ በኩል ሽቅብ ወጥቶ በስዊዝ ወደ እስያ ይገባል። ባጭሩ ቀይ ባሕርን በዓመት አንድ ጊዜ ይዞራል። የዙሪያው የመኸር ግማሽ ጅቡቲ ላይ ተቆጥሯል። የመልሱ ጉዞ ጫፍም ስዊዝ ላይና እስራኤል ውስጥ ባለችው ኤይላት ተቆጥሯል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ሱዳን የሚዘልቀው ረጅም መንገድ ግን በሳተላይት መሣሪያ የተከተልናቸው ጥቂት ወፎች ከነገሩን በቀር ዝም ያለ ነው።

የማይቡርግ ቡድን ሌላም ሥራ አለው። ትንሹ ነቁጣም ንስር ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል። ክትትሉ እንዳሳየው ከስዊዝ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ድረስ ያለውን መንገድ የሚጓዘው ከ31 እስከ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ባለው መተላለፊያ ውስጥ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በአሶሳ ዞን ያለችው የሸርቆሌ ወረዳ 34 ተኩል ዲግሪ አካባቢ ናት። ካርታ ዘርግቶ ሁለቱን መስመሮች ያሰመረ ሰው ወረዳዋን በመካከላቸው ያገኛታል።

ከዚህ ተነሥቶ ሸርቆሌ ትልቅ የአእዋፍ በር ናት ማለት ግን መቸኮል ነው። በዚያ ኬክሮስ ላይ አምስት ዲግሪ ማለት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ነው። ወፎቹን አንድ ቦታ ላይ የሚያጠራቅም ባሕርም ሆነ ተራራ የለም፤ ሰፍተውና ተበትነው ያልፋሉ። ስለዚህ አንድ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ቆጣሪ የሚያየው ከሰልፉ ቅንጣቷን ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ በአሶሳ ዞን በየዓመቱ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ዘዴ ይህን የመልስ ጉዞ የሚቆጥር ጣቢያ የለም። ሊኖር ይገባል ባይ ነኝ። ነገር ግን ኤይላትን ወይም የጆርጂያዋን ባቱሚን ገልብጦ ሸርቆሌ ላይ መትከል አያዋጣም፤ የመሬቱም፣ የእሳቱም፣ የሰዉም ኑሮ ሌላ አሠራር ይጠይቃል።

ቁጥር ብቻውን ምን ይፈይዳል?

ሞቆ የሚወጣ አየር የትልልቅ አዳኝ አእዋፍ ክንፍ ስንቅ ነው። ንስር፣ ጥንብ አንሳና በዛርድ ክንፋቸውን እያራገቡ ሺህ ኪሎ ሜትር መብረር አይችሉም፤ ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣው አየር እየዞሩ ሽቅብ ይወጡና ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደሚቀጥለው የሞቀ አየር ይንሸራተታሉ። ሰፊ ውኃ ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሣ ባሕርን ይሸሻሉ። ስዊዝ፣ ባብ ኤል መንደብ፣ ጊብራልታርና ቦስፎረስ ላይ የሚጠራቀሙትም ለዚህ ነው። ለቆጣሪም ትልቅ ዕድል ነው፦ ከግማሽ አህጉር የተሰበሰበ ሕዝብ በአንድ ሰው ዓይን ፊት ያልፋል። ኤይላት ላይ በ1977 ጸደይ ከ750 ሺህ በላይ፣ በ1985 ጸደይ ደግሞ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳኝ አእዋፍ ተቆጥረዋል። ጆርጂያ ውስጥ ባቱሚ አጠገብ ከ2008 ጀምሮ ከየአገሩ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች በየመኸሩ ይቆጥራሉ፤ በደህና ዓመት ከሚሊዮን በላይ ይመዘግባሉ።

እነዚህ ቁጥሮች ያስደንቃሉ። ለሳይንስ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን መደጋገሙ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ያለው ሆክ ማውንቴን ነው። በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የተባለች ሴት አዳኞች ወፎችን በጠመንጃ ይጨርሱበት የነበረውን ተራራ ተከራይታ ጥበቃ አቆመችበት፤ ከዚያ ወዲህ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት በቀር፣ በየመኸሩ ቆጠራው ቀጠለ። ቆጣሪዎቹ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የወፎቹን ዕድሜ ይጽፉ ነበር። ራሼል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው «ሳይለንት ስፕሪንግ» የተጠቀመችበት ይህንኑ መዝገብ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ እዚያ ከታዩት ራሰ ነጭ ንስሮች 40 በመቶው የዓመቱ ልጆች ነበሩ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ 20 በመቶ ብቻ ሆኑ። አዋቂው ንስር አሁንም ሰማይ ላይ አለ፤ የሚፈለፈለው ግን ቀንሷል። የነፍሳት ማጥፊያው ዲዲቲ በእንቁላሉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በቤተ ሙከራ ተጣርቶ ሳያልቅ ተራራ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ደብተር ምልክቱን ይዞ ነበር።

ወደ እኛ ሲጠጋ ነገሩ ይበልጥ ይመራል። ፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጌርሃርድ ኒኮላውስ ከምሰሶዎቹ ሥር በኤሌክትሪክ ተመትተው የሞቱ ብዙ ነጭ ጥንብ አንሳዎችን አገኘ፤ ጻፈ፤ ምንም አልተደረገም። በ2010 ሌላ ቡድን ወደዚያው መስመር ተመልሶ ሥሩን ሲቃኝ አሁንም 17 ሬሳ አገኘ። ሁለቱ ቅኝቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መስመሩ ለ28 ዓመት ያለማቋረጥ ሲገድል እንደኖረ ታየ፤ በ2014 አገልግሎቱ ተቋረጠ። ከባልካንና ከካውካሰስ ተነሥተው አፋር ውስጥ በጋውን የሚያሳልፉት ጥንብ አንሳዎች የሚያልፉት በዚያ በኩል ነው። ኒኮላውስ ሬሳ ቆጥሮ ባይጽፍ ኖሮ የ2010ሩ ቁጥር የአንድ ዓመት አጋጣሚ ተብሎ ይታለፍ ነበር።

አገር ውስጥም ልምዱ የለም አይባልም። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለአህጉሩ የውኃ ወፎች ቆጠራ በጥር ወር አባላቱንና በጎ ፈቃደኞችን በየሐይቁ ዳር ያሰማራል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ቄራዎች ለተከታታይ ዓመታት የተደረገ ቆጠራም ጥንብ አንሳዎች ሲቀንሱ የውሻው ቁጥር ሲጨምር አሳይቷል፤ ይህን ደግሞ ከወፍ ወዳዱ ይልቅ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያሳስበው የጤና ባለሙያ ልብ ሊለው ይገባል። ሆኖም የውኃ ወፍ ሐይቅ ላይ ይቀመጣል፤ ጥንብ አንሳም ቄራ አጥር ላይ። የሚያልፍ ወፍ ግን አይጠብቅህም። ከፍ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ አንዴ ብቻ ያልፋል።

የሸርቆሌ በጋ

ከአሶሳ በሆሞሻ በኩል ወደ ሰሜን የሚወርድ ሰው መሬቱ ሲቀየር ያየዋል። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሸርቆሌና ወደ ኩርሙክ ሲዘለቅ ደጋው ያልቃል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሽመሉ ይበዛል። በሰሜን ምሥራቅ አባይ አለ፤ በምዕራብ ሱዳን። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አካባቢ አንድ ረጅም ወቅት ነው። ስለዚህ አውሮፓውያን የጸደይ ጉዞ የሚሉት ሸርቆሌ ላይ የሚውለው ሣሩ ደርቆ፣ ተቃጥሎ፣ ምድሩ ጠቁሮ በሚታይበት የበጋ ማብቂያ ላይ ነው።

ይህ ወቅት ለሚንሳፈፍ ወፍ ይመቻል። የጠቆረ መሬት ቶሎ ይሞቃል። ለቆጣሪ ግን ሁለት ራስ ምታት አለው። አንዱ ጭስና አቧራ ነው፤ ከሱዳን በኩል አቧራው ሲነሣ አድማሱ ይጠፋል። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ስለ ጉዳዩ በአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎችም አያነሡትም። እሳት ወፍ ይጠራል። ሣሩ ሲነድ የሚሸሸውን ፌንጣ፣ እንሽላሊትና አይጥ ለመልቀም ጭልፊቶች፣ አንበጣ በል በዛርዶችና ሌሎችም ከሩቅ ይሰበሰባሉ፤ ሰዓታት ሙሉ ጭሱን እየዞሩ ይውላሉ። እዚያው የሚኖሩም አሉባቸው፣ ከሳሕል ወደ ደቡብ ከደቡብም ወደ ሳሕል በአፍሪካ ውስጥ ብቻ የሚመላለሱም አሉባቸው፣ ወደ አውሮፓ መንገድ ጀምረው ለምሳ ጎራ ያሉም አሉባቸው። ያልሠለጠነ ቆጣሪ አንዱን ጭልፊት አርባ ጊዜ ይቆጥረዋል። ማታ ላይ ድምሩ ያማረ ይሆናል፤ ዋጋ ግን የለውም።

ስለዚህ ሸርቆሌ ላይ የመጀመሪያው ደንብ የመሻገሪያ መስመር ነው። ቆጣሪው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሁለት ምልክቶች፣ ለምሳሌ በአንድ ጉብታና በአንድ ትልቅ ዛፍ መካከል የተዘረጋ መስመር በሐሳቡ ያሰምራል። ከደቡብ መጥቶ ያን መስመር የተሻገረና ወደ ሰሜን እስኪጠፋ የታየ ወፍ ብቻ ይቆጠራል። የሚዞር አይቆጠርም። ተመልሶ የመጣ ይቀነሳል። እሳት በታየበት ሰዓት ሁሉ በቅጹ ላይ አቅጣጫውና ርቀቱ ይጻፋል፤ በኋላ መረጃውን የሚተነትነው ሰው የእሳት ሰዓቶችን ለይቶ ማየት እንዲችል።

ጊዜውንስ ከየት እናገኘዋለን? በኤይላት መዝገብ የስቴፕ ንስር የሚበዛው ከየካቲት አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት መጀመሪያ፣ የስቴፕ በዛርድ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ፣ የሌቫንት ጭላት በሚያዝያ አጋማሽ፣ ማር በል በዛርድ በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ከሸርቆሌ እስከ ኤይላት ቀጥታው ከ2,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። በሞቀ አየር የሚጓዝ ትልቅ ወፍ በደህና ቀን ከ150 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀን ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢቀነስ የሸርቆሌ የጊዜ ሰሌዳ ይገኛል፦ ንስሮቹ የካቲትን፣ በዛርዶቹ የመጋቢትን የመጀመሪያ ሳምንታት፣ የሌቫንት ጭላት የሚያዝያን መባቻ። ይህ ግምት ነው፤ መሬት ላይ መፈተን ያለበት ግምት። ሰሌዳውን ያዛባ ነገር ከተገኘ ያ ራሱ ግኝት ነው። የሌቫንት ጭላትን በተመለከተ በተለይ፣ ኤይላት ላይ በአሥር ሺዎች እየሆነ የሚያልፈው ይህ ትንሽ ወፍ አፍሪካ ውስጥ የቱ ጋ ተበትኖ እንደሚሰነብት የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ሚያዝያ ላይ ሸርቆሌ ሰማይ ላይ የሚታይ አንድ መንጋ ከብዙ ገጽ ግምት ይሻላል።

ያልተባለ አንድ ነገር፦ የስቴፕ ንስር አዋቂዎች ቀድመው ይሄዳሉ፣ ገና ያልጎረመሱት ዘግየት ይላሉ። ሆክ ማውንቴን ላይ የሠራው የዕድሜ ንጽጽር እዚህም እንዲሠራ ከተፈለገ ቆጠራው የካቲት ላይ ተጀምሮ የካቲት ላይ መቆም የለበትም። የልጁን ንስር መለየት ደግሞ የሚያዳግት አይደለም፤ በክንፉ ሥር መሐል ለመሐል የሚሄድ ሰፊ ነጭ መቀነት አለው፣ ከሩቅ ያበራል። የስቴፕ ንስር ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ስለተመዘገበ ስንት ልጅ እያሳደገ እንደሆነ ማወቅ ድምሩን ከማወቅ ይቀድማል።

ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት

ጧት ከሦስት ሰዓት በፊት ሰማዩ ላይ ብዙ ነገር አይጠበቅም። ንስሮቹ ዛፍ ላይ ናቸው፤ መሬቱ አልሞቀም። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ዝቅ ብለው፣ ዛፉን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ይነሣሉ። ለማየትም ለመለየትም የሚመቸው ይህ ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት አካባቢ ከፍታው ስለሚጨምር በባዶ ዓይን ምንም አይታይም፤ ሰማዩ ባዶ ነው ተብሎ ይታመናል። በዚህ ሰዓት ባይኖኩላሩን ከአድማስ ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ ብሎ በንጣፍ በንጣፍ ማሰስ ያስፈልጋል። ደመና የሌለበት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ለፎቶ የሚያምረውን ያህል፣ ለቆጣሪ ጠላት ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ስለሌለው ሩቅ ያለውን ጥቁር ነጥብ አልፎት ይሄዳል። ነጭ ቁራጭ ደመና ስትመጣ ወፎቹ ከሥሯ ተሰልፈው ይገኛሉ።

አንድ አዙሪት ተገኘ እንበል። ሃምሳም ስልሳም የሚሆኑ ንስሮችና በዛርዶች ተቀላቅለው እየዞሩ ሽቅብ ይወጣሉ። ጀማሪ ወዲያው መቁጠር ይጀምርና ሠላሳ ላይ ሲደርስ የቱ ጋ እንደጀመረ ይጠፋበታል። ልምድ ያለው እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። የአዙሪቱ አናት ላይ የደረሰው ወፍ ክንፉን ቆልመም አድርጎ ወደ ሰሜን ይንሸራተታል፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው፤ በክር እንደተሰካ ዶቃ ተከታትለው ይወጣሉ። የሚቆጠሩት ያኔ ነው። በእጅ መቁጠሪያዋ ጠቅ፣ ጠቅ። ሰልፉ ከወፈረ በአሥር በአሥር። የጎኑ ባልደረባ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሣ ዝርያውንና ዕድሜውን እየሰማ ይጽፋል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው፤ የሚያየው ሰው ለመጻፍ ጎንበስ ካለ ሰልፉ ያመልጠዋል።

ወፍ ያልታየበት ሰዓትም ይጻፋል፤ ዜሮ ተብሎ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነነፋሱ። በጎ ፈቃደኞችን ለማሠልጠን ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ይመስለኛል። ሰው ያየውን ለመጻፍ ይጓጓል፤ ያላየውን ለመጻፍ እጁ ይከብደዋል። በአንድ ዓመት 200 ሰዓት ተቀምጦ 900 ንስር ያየና በሌላው 60 ሰዓት ተቀምጦ 500 ያየ ቡድን ቢኖር፣ ሰዓቱ ካልተጻፈ ንስሩ ቀነሰ ተብሎ ይደመደማል። ሰዓቱ ከተጻፈ ግን በሰዓት ከ5 ያልሞላው ከ8 በላይ ሆኗል።

ፈቃዱስ የማን ነው?

በጎ ፈቃደኝነት ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ባቱሚን ነው፦ የአውሮፕላን ቲኬቱን ራሱ ገዝቶ፣ ባይኖኩላሩን አንጠልጥሎ፣ የዕረፍት ጊዜውን ሊያሳልፍ የሚመጣ ተማሪ። ሸርቆሌ ላይ የካቲት የወርቅ ጊዜ ነው። ማሽላው ገብቷል፣ እርሻው አልተጀመረም፣ ጉልበት ያለው ወደ ወርቅ ቁፋሮው ይወርዳል። አንድ ወጣት አንድ ሙሉ ቀን ኮረብታ ላይ ወፍ ሲቆጥር ቢውል ያን ቀን ከእጁ የወጣ ገቢ አለ። ይህን ሳያነሡ «ማኅበረሰቡን በበጎ ፈቃድ ማሳተፍ» ብሎ ፕሮጀክት መጻፍ የድሃን ጊዜ በነፃ መውሰድ ነው። የቀን አበል፣ ምሳና ውኃ፣ ለሁለት አንድ ባይኖኩላር ከበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ መቀመጥ አለባቸው። አበል ተቀብሎ የሚቆጥር ሰው በጎ ፈቃደኛ አይባልም የሚል ካለ፣ ስሙ ይቅርና ቆጠራው ይሠራ።

ዓይኑ ግን አለ። በርታም ሆነ ጉሙዝ ገበሬ ቤት ያደገ ልጅ ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ሲያባርር ያደገ ነው፤ ሩቅ ያለ የመንጋ ጥላ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልገውም። ጫጩት ያላት እናትም የጭልፊትን ጥላ መሬት ላይ ታውቃለች። ሥልጠና የሚያስፈልገው ዝርያን በመለየትና በአጻጻፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ከባዶ አይጀመርም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ርቀት ላይ መኖሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ተማሪው ዝርያውን ያስተምራል፣ የወረዳው ልጅ ሰማዩን ያስተምረዋል።

ሌላም የሚታይ ሕዝብ አለ። የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ በ1997 የተከፈተ ነው፤ ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳንና ከታላላቅ ሐይቆች አገሮች የመጡ ሰዎች ለዓመታት ኖረውበታል። ከብሉ ናይል ክፍለ ግዛት የመጣ ገበሬ ወፎቹ የሚሄዱበትን ሰማይ ከማዶው በኩል ያውቀዋል። በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅ የመሥራት መብት ስለሰጣቸው አበል ያለው ቆጠራ እነሱንም ሊያካትት የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር መነጋገር ብቻ ይፈልጋል።

ከድንበር አጠገብ ባይኖኩላር አንግቦ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው ግን ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፤ በተለይ ከ2023 ወዲህ ማዶው ጦርነት ሆኖ ሳለ። ነገሩ ሊያስቅ ይችላል፤ ኮረብታ ላይ ለተያዘ ተማሪ ግን ሳቅ አይደለም። ከወረዳው አስተዳደርና ከጸጥታ አካላት የተጻፈ ፈቃድ፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያ፣ ቀበሌው የሚያውቀው ቋሚ የመቀመጫ ቦታ ከዝርያ መለያ መጽሐፉ እኩል መያዝ አለባቸው።

ከመቀየሩ በፊት

በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ምክንያት አባይ በዚያ አካባቢ ወደ ሐይቅነት ተለውጧል። ሙሌቱ በ2020 ተጀመረ፤ ግድቡ በጳጉሜን 2025 ተመረቀ፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ሐይቅ ሲሞላ ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ሰፊ ውኃ ላይ የሞቀ አየር አይነሣም ብለናል። ሐይቁ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ንስርን ያግደዋል ብዬ አላስብም፤ የሚሻገርበትን ቦታ ግን ሊያስመርጠው፣ ዳርቻውንም ይዞ እንዲጓዝ ሊያደርገው ይችላል። የሆነ ለውጥ ቢመጣ ማስረጃው ከሙሌቱ በፊት በተደረገ ቆጠራ ነበር የሚገኘው። ያ ዕድል አልፏል።

የኤሌክትሪክ መስመሩ ጉዳይ ግን ገና አላለፈም። ከግድቡ የሚወጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ወፍን የሚጎዳው በዋናነት በመጋጨት ነው። ከዚያ ይልቅ ለንስርና ለጥንብ አንሳ የሚያሰጋው ገጠርን ለማብራት የሚተከለው የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት ምሰሶ ነው፤ ሽቦዎቹ ስለሚቀራረቡ የሰፋ ክንፍ ሁለቱን በአንዴ ይነካል። ፖርት ሱዳን ላይ የገደለው እንዲህ ያለው ነው። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ምሰሶው ሲተከል ሽቦውን በሚሸፍን ጎማ መሸፈን ወይም ሽቦውን ከመስቀለኛው ብረት በታች ማንጠልጠል ይበቃል። ከተተከለ በኋላ ማስተካከል ግን ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ስለዚህ የሸርቆሌ ቆጣሪ ሰማዩን ከቆጠረ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ከአንድ የተወሰነ የምሰሶ ረድፍ ሥር መመላለስ አለበት። ይህ ሁለተኛ ሥራ ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ ምናልባትም ይበልጣል።

በግብፅ የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ገበል ኤል ዘይት ላይ ታዛቢዎች ንስሮች ሲመጡ በሬዲዮ ይናገራሉ፤ የነፋስ ተርባይኖቹ ለደቂቃዎች ይቆማሉ፤ ሰልፉ ሲያልፍ ይነሣሉ። የካቲት ላይ ከኢትዮጵያ የተነሣው ንስር እዚያ የሚደርሰው በመጋቢት መባቻ ነው። ሸርቆሌ ላይ «ዛሬ ብዙ አለፈ» የተባለበት ቀን ለዚያ ታዛቢ የሳምንት ተኩል ቅድሚያ ወሬ ሊሆነው ይችላል።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አንድ ጣቢያ ይበቃል፤ ከየካቲት 1 እስከ ሚያዝያ 20፣ በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን። ደብተሩ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፦ አንዱ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ አዲስ አበባ በዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ዘንድ፣ አንዱ ደግሞ በቆጠሩት ሰዎች እጅ። በቅጹ ላይ ሰዓትና ዝርያ ብቻ ሳይሆን ወፉ ከቆጣሪው በስተ ምሥራቅ ወይስ በስተ ምዕራብ እንዳለፈ የሚገልጽ ዓምድ ይኑር። በሦስቱ ዓመታት ንስሮቹ የሚታዩት በምዕራቡ አድማስ ጥግ ብቻ ከሆነ ጣቢያው ወደ ኩርሙክ መዞር አለበት፤ በምሥራቁ ከሆነ ደግሞ፣ ጸጥታው ከፈቀደ፣ አባይን ተሻግሮ ወደ ጉባ።